መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ኒውቱ

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለወላጆችና ለልጆች ያቀረብኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት፤ የደጋገምኩትንም አላወጣሁትም።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች፣ በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ። ልጆች፣ ወደ ፊት ኑ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ቦታ አለ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ኒውት ነው። ለማያውቀው ላስተዋውቅ። ኒውት ሲያዩት እንሽላሊት ይመስላል፤ ዝምድናው ግን ከእንቁራሪት ጋር ነው። ቅርፊት የለውም። ቆዳው ስስና እርጥብ ነው። በቆዳው ይተነፍሳል፤ ውሃም የሚያስገባው በቆዳው ነው። ይቺን ቆዳ ያዙልኝ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ነው የሚመጣው።

ሰው ቤት በብዛት የሚታየው ጀርባው ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ሆዱ ደግሞ ቀይ ወይም ብርቱካናማ የሆነው ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የቻይና ነው፤ ትንሽ ነው፣ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሌላው የጃፓን ነው፤ እሱ በቁመት ይበልጠዋል። ዛሬ የማወራው ስለነዚህ ሁለቱ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። "ኒውት ልንገዛ ነው" ብሎ የሚደውልልኝ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ እንስሳው ነው። ምን ይበላል? ይናከሳል? ስንት ዓመት ይኖራል? ስለ ውሃው የሚጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። ኒውት የሚሞተው ግን በውሃው ነው። በረሃብ የሞተ ኒውት አላየሁም። በሞቀ ውሃ፣ በተመረዘ ውሃ፣ ክዳን በሌለው ታንክ፣ ማለትም በመስታወት የውሃ ሳጥን፣ የሞተ ግን አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ኒውቱ። ልጆች፣ እስቲ አብራችሁኝ በሉ። መጀመሪያ? ውሃው! ከዚያስ? ኒውቱ! ጎበዞች።

አራት ነገር አነሳለሁ። ታንኩና የሚቀመጥበት ቦታ፣ ውሃው፣ ታንኩ ውስጥ የሚገባው ነገር፣ በመጨረሻም እንስሳው ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚያዝ። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ካሁኑ ይቅርታ።

ከታንኩ ልጀምር። ለሁለት ወይም ለሦስት ኒውት 20 ጋሎን፣ ማለትም 75 ሊትር ገደማ የሚይዝ ያስፈልጋል። ሱቅ ስትሄዱ "20 ሎንግ" በሉ፤ ያውቁታል። ርዝመቱ 76 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ወርዱና ቁመቱ ደግሞ 30፣ 30። ለምን ረጅሙን? ኒውት የሚንቀሳቀሰው ወለል ለወለል ነው። ከፍታ ሳይሆን ስፋት ነው የሚጠቅመው። "እንስሳው ትንሽ ነው፣ ትንሽ ሳጥን ይበቃዋል" የሚል ሰው አለ። አይበቃውም! ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቆሽሻል። ጀማሪ የሆነ ሰው በተለይ ትልቁን ይግዛ፤ ትልቅ ውሃ ይታገሣችኋል።

ክዳን። ክዳን። ክዳን። ሦስቴ ያልኩት በምክንያት ነው። ኒውት እርጥብ መስታወት ላይ ይወጣል። ሆዱን ለጥፎ፣ በእነዚያ ትንንሽ ጣቶቹ፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የአየር ቱቦ የሚገባበትን ቀዳዳ ያገኘዋል። የኤሌክትሪክ ገመድ ተከትሎ ይወጣል። አንዲት ጎረቤቴ ጠዋት ተነስታ ሁለት የነበሩት አንድ ሆነው ጠበቋት፤ ሌላው ከቀናት በኋላ ሶፋ ሥር ደርቆ ተገኘ። ልጇ ምን ያህል እንዳለቀሰ አልነግራችሁም። ከላይ አየር የሚያሳልፍ ወንፊት ይሁን፣ ጥብቅ ይበል፣ ቀዳዳ ካለ በስፖንጅ ድፈኑት።

አሁን ቦታው። እዚህ ላይ አደራ እላችኋለሁ። የኒውት ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። የሚስማማው ውሃ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እዚህ ሀገር በለመድነው ፋራናይት ከ61 እስከ 68 ማለት ነው። 24 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 75 ፋራናይት ሲደርስ መጨነቅ ይጀምራል። ምግብ ይተዋል፣ ይታመማል። ማሞቂያ አያስፈልገውም! ሱቅ ውስጥ ሰው ማሞቂያ ሊሸጥላችሁ ቢሞክር "አመሰግናለሁ፣ አይ" በሉ። የአሳ ታንክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሐሩር አገር አሳ ነው፤ እሱ ሙቅ ይወዳል። ኒውት ግን የቀዝቃዛ ውሃ ልጅ ነው።

ታዲያ ቤታችሁ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ የት ነው? ሜሪላንድ ውስጥ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ያላችሁ ተመስገን በሉ፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። አፓርታማ የምትኖሩ ከመስኮት አርቁ፣ ፀሐይ አይንካው፣ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ አናት ላይ አይሁን። ኩሽና አጠገብም አይሁን። ደግሞ እኛ ቤት ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሽሮው ሲንጨረጨር ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል፤ ሲያልቅ ደግሞ ሽታው እንዲጠፋ ስፕሬይ ይነፋል። በቆዳው ለሚተነፍስ እንስሳ እነዚህ ሁሉ ጥሩ አይደሉም። ስፕሬዩ በተለይ አደገኛ ነው። ቡናውን አትተዉ፤ ታንኩን ሌላ ክፍል አድርጉት።

በጋውንስ? የዲሲን የሐምሌ ሙቀት ታውቁታላችሁ። አንድ የማውቀው ቤተሰብ ለእረፍት ሲሄድ ኤሲውን አጠፋ፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም፣ ለምን መብራት ይቆጥራል ብለው ነው። እንኳን እነሱ ማንም እንደዚያ ያስባል። ሲመለሱ ውሃው ለብ ብሎ ነበር፤ ኒውቶቹም በሕይወት አልነበሩም። ስለዚህ በጋ ላይ ጉዞ ካለ ኤሲው እንዲሠራ ተዉት፣ ጎረቤትም ገብቶ ቴርሞሜትሩን ይይ። እቤት ስትሆኑ ደግሞ ትንሽ ፋን ውሃው ገጽ ላይ እንዲነፍስ አድርጉ። ውሃው ሲተን ይቀዘቅዛል፤ አንድ ሁለት ዲግሪ ይቀንሳል። ቴርሞሜትር የግድ ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ያለሱ ኒውት አትያዙ።

ሁለተኛው ነገር፣ ውሃው። አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ከቧንቧ የምንቀዳው ውሃ ለእኛ ንጹሕ ነው። ንጹሕ የሆነው ግን ተሕዋስያን የሚገድል ነገር ስላለበት ነው። ያ ነገር የኒውትን ቆዳ ይጎዳል። ድሮ አሳ የሚያረቡ ሰዎች "ውሃውን በባልዲ አሳድረው፣ ክሎሪኑ በኖ ይጠፋል" ይሉ ነበር። ለክሎሪን እውነት ነው። ግን ከዲሲና ከአርሊንግተን የመጣችሁ፣ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ብዙ ናችሁ። የእናንተ ውሃ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን በማሳደር አይጠፋም። ሁለት ቀን ቢያድር፣ ሦስት ቀን ቢያድር እዚያው ነው። በጸደይ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል፤ ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ነው። ያኔ ሽታው እንኳ ይለያል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ኮንዲሽነር የሚባል ጠብታ አለ፤ የአሳ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል። ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ፦ ክሎሪንን ብቻ ሳይሆን ክሎራሚንንም ያጠፋል ወይ? ክሎራሚን የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ ነው። ሲፈርስ አሞኒያው ይቀራል። ስለዚህ አሞኒያውንም የሚያስር ዓይነት ምረጡ። ማንኛውም አዲስ ውሃ ወደ ታንኩ ከመግባቱ በፊት፣ ባልዲ ውስጥ እያለ ጠብታው ይግባበት። ባልዲው የኒውት ብቻ ይሁን፤ ሳሙና የነካው ባልዲ አይሆንም።

ይህ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ኒውቱን ያስገባል። አይሆንም! ገና ነው።

ለምን ገና ሆነ? ኒውት ይበላል፣ ይጸዳዳል። ከዚያም ከተረፈ ምግብም አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። በኩሬ ውስጥ ይህን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ እሱም መርዝ ነው። ሁለተኞቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ እሱ ካልበዛ ችግር የለውም፣ ዕፅዋትም ይመገቡታል። አዲስ ታንክ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም። ከምን ይመጣሉ? ቀስ ብለው ይራባሉ፤ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ታንኩ ባዶውን ይቆያል። ፊልተሩ፣ ማለትም የውሃ ማጣሪያው፣ ይሠራል፣ እናንተ በየጊዜው ጥቂት የአሳ ምግብ ወይም ንጹሕ የአሞኒያ ጠብታ ትጨምራላችሁ፣ ባክቴሪያዎቹ እንዲበሉ።

እናቶች ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ሊጥ ያለ እርሾ ቢቦካም ስንት ቀን ይፈጃል? ከጎረቤት እርሾ ሲመጣስ? እዚህም እንደዚያው ነው። ጤነኛ ታንክ ያለው ወዳጅ ካላችሁ፣ ሲሠራ የቆየ የፊልተር ስፖንጅ ቁራጭ ለምኑት። ባክቴሪያዎቹ እሱ ላይ ናቸው። እናንተ ታንክ ውስጥ ሲገባ ጊዜው በጣም ያጥራል። ግን ታንኩ ጤነኛ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ፤ በሽታም አብሮ ሊመጣ ይችላል።

መድረሱን በምን እናውቃለን? በዓይን አይታወቅም! ውሃው እንደ ጠበል ጠርቶ መርዝ ሊሆን ይችላል። የሚታወቀው በመመርመሪያ ኪት ነው። በትንሿ ቱቦ ውሃ ትቀዳላችሁ፣ ጠብታውን ትጨምራላችሁ፣ ታንቀጠቅጣላችሁ፣ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። በብዙዎቹ ኪቶች አሞኒያ ከሌለ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል፤ ካለ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ትንሽ ሲል፣ አሞኒያ ስትጨምሩበትም በአንድ ቀን ውስጥ ተመልሶ ዜሮ ሲሆን፣ ያኔ ታንኩ ደርሷል። መጀመሪያ ምን? ውሃው!

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንድ አባት ለልጁ ልደት ሁሉንም ባንድ ቀን ገዛ። ታንኩን፣ ባለቀለም ጠጠሩን፣ ማሞቂያውን፣ ሁለት ኒውት። ሱቁ ውስጥ "ዛሬውኑ ማስገባት ይቻላል" ብለውታል። ከሳምንት በኋላ ደወለልኝ። "ኒውቶቹ ውሃ አይወዱም መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩ ላይ ወጥተው ነው የሚውሉት" አለኝ። ሄድኩ። ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተጣብቀዋል። ኪቴን አውጥቼ ውሃውን መረመርኩ። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ውሃ ጠልተው አልነበረም፤ ከመርዝ እየሸሹ ነበር። የደረሰ የዚህ ዓይነት ኒውት አብዛኛውን ኑሮውን ውሃ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። አልገባም ካለ እንስሳውን ሳይሆን ውሃውን ጠርጥሩ። የዚያን ቀን ማሞቂያውን ነቀልን፣ ኒውቶቹን በየቀኑ ውሃው በሚቀየር የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አደረግናቸው፣ ታንኩን ግን እንደ አዲስ ጀመርነው። አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ልጁም ዛሬ እዚህ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ፈገግ ብሏል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን ቅዱና በታከመ ውሃ፣ ያውም ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነ፣ ተኩ። ሁሉንም ባንዴ አትድፉ። ስፖንጁ ሲደፈን ከታንኩ በቀዳችሁት ውሃ ጭመቁት እንጂ ቧንቧ ሥር አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ስንት ሳምንት የደከማችሁባቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል።

ሦስተኛ። ውስጡ ምን ይግባ?

ፊልተሩ ስፖንጅ ይሁን፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራው። ርካሽም ነው። ኒውት የቆመ ውሃ እንስሳ ነው። የጃፓኑ ኒውት የሩዝ ማሳ ውስጥ፣ ኩሬ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ በሚሄድ ቦይ ውስጥ ነው የሚኖረው። ኃይለኛ ፊልተር ውሃውን ሲያንገላታው እሱም አብሮ ይንገላታል፤ ምግቡንም አያገኝም።

ወለሉ ላይ ደቃቅ አሸዋ፣ ወይም ሊዋጡ የማይችሉ ትልልቅ ለስላሳ ድንጋዮች፣ ወይም ምንም። ባለቀለም ጠጠር ይቅር። ኒውት ትል ሲይዝ አፉን ከፍቶ የሚውጠው ከነጠጠሩ ነው፤ ጠጠሩ አንጀቱ ውስጥ ይቀራል። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ ወይም ከውሃው የወጣ ድንጋይ ይኑር፣ ሲፈልግ እንዲወጣበት። መደበቂያም ይኑረው። መብራቱ ለስለስ ያለና የማያሞቅ ይሁን።

ደግሞ ዕፅዋት! እውነተኛ ዕፅዋት። ጃቫ ሞስ፣ አኑቢያስ፣ ኤሎዲያ፣ ሁሉም ቀዝቃዛ ውሃና ደብዛዛ ብርሃን ይችላሉ። የፕላስቲክ ተክል ለምን አልፈልግም መሰላችሁ? ያየሁትን ልንገራችሁ። ሴቷ እንቁላል ስትጥል እንደ እንቁራሪት ባንዴ አትዘረግፍም። አንድ ቅጠል ትመርጣለች። ታሸተዋለች። ከዚያ በኋለኛ እግሮቿ ቅጠሉን ትይዝና ለሁለት ታጥፈዋለች፣ እጥፋቱ ውስጥ አንዲት እንቁላል ታስቀምጣለች፣ ተጣብቆ እስኪቀር ድረስ በእግሮቿ ጭምቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ከዚያ ሌላ ቅጠል። ከዚያ ሌላ። አንድ በአንድ! ይህን ያየ ልጅ ስልኩን ይረሳል። ፕላስቲክ ቅጠል ግን አይታጠፍላትም።

እንቁላል ካያችሁ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ ትልልቆቹ ይበሉታል። የሚፈለፈሉት እጮች ከአንገታቸው ግራና ቀኝ ውሃ ውስጥ የሚተነፍሱበት ስንጥብ ወጥቶ ይታያል። ከወራት በኋላ ስንጥቡ ይጠፋና ወደ መሬት ይወጣሉ። ያኔ ትንንሾቹ እርጥብ መሬት ነው የሚፈልጉት፤ ውሃ ውስጥ ከገፋችኋቸው ሊሰጥሙ ይችላሉ። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ትምህርት ነው፤ እዛ ላይ ስትደርሱ ደውሉልኝ።

ከሌላ እንስሳ ጋር አታቀላቅሉ። አሳ ጭራውን ይነክሳል፣ ወይም እሱ አሳውን ይበላል። ሆዱ ቀይ የሆነ ጉርጥ አብሮ ሲሸጥ ታያላችሁ፣ "ይዋደዳሉ" ይሏችኋል። አይዋደዱም። ሁለቱም ቆዳቸው መርዝ አለው፣ አንዱ ሌላውን ይጎዳል።

ልጆች ደክሟችኋል አይደል? እሺ፣ አንድ የምትወዱት ነገር ልንገራችሁ። ኒውት እግሩ ቢቆረጥ እንደገና ያበቅላል። አጥንቱ፣ ጣቶቹ፣ ሁሉም። የዓይኑን ሌንስ እንኳ ያበቅላል! ሳይንቲስቶች የጃፓን ኒውቶችን 16 ዓመት ሙሉ ተከታትለው ሌንሳቸውን 18 ጊዜ አወጡ፤ 18 ጊዜም አዲስ አበቀሉ። ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። የመጨረሻው ሌንስ ሲመረመር ከወጣት ኒውት ሌንስ አይለይም ነበር። እነዚያ ኒውቶች ያኔ ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓን ኒውቶች ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ሕዋ ላይ ወጥተው እዚያ እንቁላል ጥለዋል። ሕዋ ላይ!

ወላጆች፣ አሁን 30 ዓመት ያልኩትን ሰማችሁ? ሁሉም እዚያ አይደርስም፣ በደንብ ከተያዘ ግን 20 ዓመት መኖሩ የሚጠበቅ ነገር ነው። ልጃችሁ አሁን ስምንት ዓመቱ ከሆነ፣ ኒውቱ ኮሌጅ ያስጨርሰዋል። ልጁ ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ ማን ይንከባከበዋል? ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በቤተሰብ ተነጋገሩበት። ከልቤ ነው የምላችሁ።

ወደ አራተኛው ልለፍ። ከየት ይመጣል? እንዴት ይያዛል?

በአውሮፓ፣ ኔዘርላንድ ውስጥ፣ ጥቁርና ቢጫ የሆነ የሚያምር ሳላማንደር፣ የኒውት ዘመድ፣ ነበረ። በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ በድንገት ማለቅ ጀመረ። በ2013 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ ታወቀ፤ ቆዳ የሚበላ ፈንገስ ነው። ከእስያ የመጣ ነው፣ የእስያ ኒውቶች ብዙዎቹ ሳይሞቱ ይሸከሙታል። የሚጠረጠረው መንገድ የእኛ የቤት እንስሳ ንግድ ነው። ቆዳውን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር፤ ይኸው። አሜሪካ ይህ ፈንገስ እንዳይገባባት በጥር 2016 እ.ኤ.አ. 201 የሳላማንደርና የኒውት ዝርያዎችን ከውጭ ማስገባት ከለከለች። የኛዎቹም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ስለዚህ እዚሁ የተራባ ኒውት ግዙ፣ ከሚያረባው ሰው በቀጥታ ቢሆን ይመረጣል። "የት ተወለደ? ስንት ዓመቱ ነው? ምን ይበላል?" ብላችሁ ጠይቁ። መመለስ ካልቻለ ትታችሁ ውጡ።

ከዚሁ ጋር፣ የታንክ ውሃ በአካባቢያችን ጅረቶች፣ ስላይጎ ክሪክም ሆነ ሮክ ክሪክ፣ አይደፋ። ውሃውን በበረኪና አክማችሁ በቤት ፍሳሽ ድፉት። ኒውቱ ቢሰለቻችሁ ጫካ አትልቀቁት፤ ደውሉልኝ፣ ቤት እፈልግለታለሁ።

ደግሞ ከጫካ አታምጡ። መከር ላይ ሸናንዶዋ ቅጠል ልናይ እንሄድ የለ? ከዝናብ በኋላ መንገድ ላይ ብርቱካናማ የሆነች ትንሽ ነገር ስትሄድ ታያላችሁ። እሷ የዚህ አገር ኒውት ልጅ ናት። ውሃ ውስጥ ተወልዳ፣ ጥቂት ዓመታት መሬት ላይ ኖራ፣ ስታድግ ወደ ኩሬ ትመለሳለች። ልጆች ሲያዩዋት "ቤት እንውሰዳት" ይላሉ። ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ አይወሰድም። ቁጭ ብላችሁ እዩዋት፣ ፎቶ አንሱ፣ ልቀቋት።

አንድ አባት ባለፈው "አዲስ አበባ ልውሰደው? እዚያ ብርዱ ይስማማዋል" ብሎኛል። ብርዱስ ይስማማዋል። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ኒውትም ሳላማንደርም በተፈጥሮ የሉም። ያሉን እንቁራሪቶች ናቸው፣ ባሌ ተራሮችና ሐረና ጫካ ውስጥ ያሉት አንዳንዶቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። የዚያ ፈንገስ ዘመድ የሆነ ሌላ ፈንገስ ደግሞ በብዙ አገር እንቁራሪት ፈጅቷል። ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ኒውት ይዛችሁ አትሂዱ። እባካችሁ።

አያያዝ። አጭር ነው፦ አትያዙት። ኒውት የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ እንስሳ አይደለም። እጃችን ላይ ጨው አለ፣ ሎሽን አለ፣ ሳሙና አለ፤ ሽንኩርት ስንከትፍ፣ በርበሬ ስንነካ ውለን ይሆናል። ያ ሁሉ በቆዳው ይገባል። የግድ ከሆነ በንጹሕ ውሃ እጃችሁን አለቅልቃችሁ፣ እርጥብ እንዳለ ያዙት። ከነካችሁ በኋላ ደግሞ በሳሙና ታጠቡ። ዓይን አይታሽ፣ አፍ አይነካ። ቆዳው ውስጥ ያለው መርዝ ፉጉ የሚባለው የጃፓን አሳ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ኦሪገን ውስጥ አንድ የ29 ዓመት ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ተወራርዶ የዚያ አካባቢ ኒውት ዋጠ፤ በዚያው ቀን ሞተ። የእኛዎቹ እንደዚያኛው ኃይለኛ አይደሉም፣ ነክቶ የሞተም የለም። ልጆችን ላስፈራራ አይደለም፤ እጃችሁን ታጠቡ ልላችሁ ነው። ከሁለት ዓመት ሕፃን ግን አርቁት።

ምግብ ትል ነው። የምድር ትል ተቆራርጦ ከሁሉ ይበልጣል፤ በረዶ የሆነው ቀይ የደም ትልም ይሆናል። የደረሰ ኒውት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። እኛ እንግዳ "ብላ፣ በሞቴ" ማለት እንወዳለን፤ ኒውትን አትለምኑት። የተረፈው ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ያው ተመልሰን አሞኒያ ጋ ነን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቀረውን አውጡ። አንዳንዴ የገዛ ቆዳውን ከከንፈሩ ጀምሮ እንደ ሹራብ አውልቆ ሲበላው ታያላችሁ። አትደንግጡ፤ ጤነኛ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ጨርሻለሁ። ከቤታችሁ ውሃ በጠርሙስ ይዛችሁ እንድትመጡ በመልእክት ጠይቄያችሁ ነበር። ያመጣችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። ኪቱ አለ፣ ቱቦዎቹም አሉ። ልጆች ራሳቸው ይጨምሩት፤ እናንተ ሰዓት ያዙላቸው። ከዲሲ የመጣውንና ከሜሪላንድ የመጣውን ለየብቻ ደርድሩልኝ፣ ጠርሙሱ ላይ ሰፈሩን ጻፉ። ማን ነው የመጀመሪያው?